«የማንጎ ጥላ» የተዘፈነ ዕለት

ዲንሳ በቦዔዝ የሬዲዮ መጠገኛ ጓዳ ውስጥ፣ ቴፑ ፊት በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የብረት ትራንስፎርመር አጠገቡ ወድቋል። በሩ አልተሰበረም። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያለው ቦዔዝ ብቻ ስለሆነ የአሶሳ ሰው ረፋዱ ላይ ፈርዶ ጨርሶ ነበር።

የቦዔዝ እህት ቀነኒም በልቧ ጠረጠረችው። ወንድሟ ትናንት ማታ ዲንሳን እየተራገመ ከቤት ወጥቷል፤ በዝናብ በስብሶ ሲመለስ ደግሞ የት እንደነበር ሳይነግራት ተኛ።

መርማሪዋ መቶ አለቃ የወርቅውሃ ከሰው ወሬ የገዛ ዓይኗን የምታምን ሴት ናት። አዲሱ ክልል ሲቋቋም ከመጡት ሹማምንት ሁሉ እንደ እሷ በዝምታ የሚያስፈራ የለም። ቀነኒን ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

«ወንድምሽ ትናንት ማታ የት ነበር?»

«ቤት ነበር፤ ከእኔ ጋር።»

«እስኪነጋ?»

«አዎ… እስኪነጋ።»

የወርቅውሃ አተኩራ አየቻት እንጂ አልተከራከረችም። «ከሟቹ ጋር ምን አጣላው?»

«ዘፈን ነው፣ መቶ አለቃ። ሌላ የለም።»

ለሰሚው ያስቃል፤ ግን እውነት ነው። ዲንሳ፣ ቦዔዝና ጓደኛቸው ታምሩ በዳቡስ ባንድ ፍቅር ያበዱ ነበሩ። ባንዱ «የማንጎ ጥላ»ን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ተጫውቶ አያውቅም፤ ባምባሲ ላይ ያፈጠነውን ካማሺ ላይ ያዘገየዋል። ሦስቱ ጓዳው ውስጥ ካሴት እያፈራረቁ የትኛው መድረክ ይበልጣል ሲሉ ይነታረካሉ። ባንዱ በጊታሩ ላይ ዙምባራን፣ ያንን የበርታዎች ረጅም የቅል መለከት፣ የጨመረ ዕለት ቦዔዝ «ሁለተኛ ብሰማቸው ጆሮዬ ይቆረጥ!» ብሎ ማለ፤ ዲንሳ መሳቂያ አደረገው። ታምሩ ደግሞ ከመጀመሪያው መድረክ ሌላ አይጥመውም። ያን ቀን ጊታሩን የተጫወተው አሁን በሕይወት የሌለው ታላቅ ወንድሙ ነበር። የዚያን ካሴት ጥግ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብቶ ጓዳው ውስጥ አስቀምጦታል።

ከሟቹ ፊት፣ ቴፑ ውስጥ የተገኘው ይኸው ባለ ቀይ ቀለም ካሴት ነበር። የወርቅውሃ በር ዘግታ ሰማችው። ከዚያ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች፤ የባንዱን ዙምባራ ነፊ ጁምዓንም አስጠራች። ቀነኒ ወንድሟ አጠገብ ቆመች።

«ታምሩ፣ ትናንት ማታ ባንዱ ሲጫወት አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ ብለሃል። ዘፈኑ እንዴት ነበር?»

ታምሩ ሳይወድ ፊቱ በራ። «አዲስ አደረጉት! ጊታሩ ቀርቶ በከበሮ ጀመሩ። ከዚያ ዙምባራዎቹ እየተቀባበሉ፣ አንዲት ድምፅ ሳትጎድል…»

«ጎድላለች እንጂ!» አለ ቦዔዝ ሳያስበው።

ቀነኒ ክንዱን ጨበጠችው። ቤት ነበር ብላለቻ!

«አንተ በምን አወቅህ?» አለች የወርቅውሃ።

ቦዔዝ በሐፍረት አቀረቀረ። «አዳራሹ መስኮት ስር ቆሜ ሰማሁ። ምዬ ስለነበር መግባት አፈርኩ። በየዙሩ አንድ ቦታ ባዶ ነበር።»

«እውነት ነው» አለ ጁምዓ። «አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ሚነፋው። አባቴ ሞተ፣ አላህ ይርሐመው። እኔ ሐዘን ነኝ፣ ትናንት አልነፋሁም። በኛ ባንድ የኔን ሌላ ሰው አይነፋም፤ ቦታው ባዶ ይቀራል።»

የወርቅውሃ ወደ ታምሩ ዞረች። «በከበሮ የሚጀምረው ዘፈን ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ትናንት አዳራሹ ውስጥ ነው፤ እዚያ ጁምዓ የለም። ሌላው ጁምዓ አባቱ ሳይሞት የነፋበት ልምምድ ነው፤ ዲንሳ ቀድቶታል። አንተ የነገርከኝ ሙሉውን ነው። አዳራሹን አልረገጥክም፤ የሰማኸው እዚህ፣ ሟቹ ፊት ካለው ካሴት ነው። በሩንም ወዳጅህ ዲንሳ ራሱ ከፈተልህ።»

«ለምን ይገድለዋል?» አለ ቦዔዝ።

«ዲንሳ ካሴት ተሳስቶ ልምምዱን የቀዳው የታምሩ ወንድም ጊታር ባለበት ካሴት ላይ ነው፤ የድሮው ጠፍቷል።»

ታምሩ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሊያስደስተኝ ነበር የጠራኝ። ወንድሜ የቀረኝ እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነበር። የወንድሜን ጊታር ስጠብቅ ከበሮ መጣ… ብረቱን እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም።»

ፖሊሶች ወሰዱት። የወርቅውሃ በሩ ላይ ቆም አለች። «ቀነኒ፣ እስኪነጋ ከእኔ ጋር ቤት ነበር ያልሽኝን እንዳልሰማሁ ቆጥሬዋለሁ» ብላ ወጣች።

ቀነኒ ወንድሟ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ቦዔዝ ግን እጆቹን አላነሳም።

«ቤት ነበር አልሻት?»

«ላድንህ ብዬ ነው፣ ወንድሜ!»

«ከምን?»

ቀነኒ እጆቿን ከአንገቱ ላይ አወረደች።