የታንት ሾሾ ሞት በቤላንስ ራዲዮ

በፈረንጆች አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ዘጠኝ፣ በነሐሴ ሐሩር፣ በአሜሪካ፣ በደቡብ ሉዊዚያና የሩዝ ማሳው ውኃ ተለቆ አጨዳ ተጀምሮ ነበር፤ በማሳው መካከል ብቻውን የሚታየው የቤላንስ ራዲዮ ማማም እንደ ወትሮው ቆሟል፤ ከሥሩ የሚወጣው ድምፅ ግን የቀድሞው አልነበረም።

ጣቢያውን ያቆሙት፣ አገር ሁሉ ሙሴ ቡቡል እያለ የሚጠራቸው ሰው በሕይወት ሳሉ ራዲዮው እንደ አገሬው ፈረንሳይኛ ይናገር ነበር፤ ጧት የሩዝ ዋጋ፣ ቀጥሎ አኮርዲዮን፣ ቀትር ሲሆን ደግሞ ማዳም አዜሊ ጊድሪ የሞተውን ሰው መርዶ ትናገራለች። መርዶዋም ደንብ ነበረው፤ ሟች ሠፈር ባወጣለት ስም ይጠራል፤ የማን ልጅ፣ የማን ባል፣ በየትኛው ቦይ ዳር እንደሚኖር ይነገራል፤ ያን የሰማ ማጨጃውን አቁሞ ይመጣል። በዚያ ሙቀት ሬሳ ከአንድ ሌሊት በላይ አይቆይምና፣ ያልሰማ ሰው የሚደርሰው ለመቃብሩ አፈር ነው።

ሙሴ ቡቡል ሲሞቱ ጣቢያው ለልጃቸው ለኤልሪክ ሆነ። ኤልሪክ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተናገርህ ተብሎ በበቆሎ ፍሬ ላይ የተንበረከከ ሰው ነው፤ ያን ቅጣት ጉልበቱ አልረሳም። ሁሉን ወደ እንግሊዝኛ ለወጠው፤ አኮርዲዮኑን አውጥቶ የወጣቶቹን ጊታር አስገባ፤ አዜሊንም በደህና ቃል አሰናበታት። እሷም ዳግመኛ የዚያን ቤት ደጃፍ ላትረግጥ በእናቷ አጥንት ማለች።

ከዚያ የኤልሪክ እናት ዐረፈች፤ አዋላጅ ሆና የአገሩን ግማሽ የተቀበለችው፣ ሁሉም ታንት ሾሾ፣ አክስቴ ሾሾ፣ የሚላት። ቀብሯ በማግስቱ ጧት ነበር። አዜሊ ጎረቤቷ ናትና ስታጣጥር ጀምሮ ከራስጌዋ አልተነሣችም። ወንበር በረንዳው ድረስ ተደርድሯል፤ በትልቅ ድስት ጉምቦ የሚሉት ወጥ ተሠርቷል፤ ቀትር አለፈ፤ የመጣ ሰው የለም።

ኤልሪክ መንገዱን ሲያይ ቆይቶ ገባ። «ሰው የት ሄደ?» አለ።

«አጨዳ ላይ ነዋ። የት ይሄዳል?»

«ከጧት ጀምሮ በራዲዮ እየተነገረ እኮ ነው፣ ታንት አዜሊ።»

«ሰምቻለሁ። ሚስስ ክሌበር ላንድሪ ዐረፉ ተባለ። ራስጌዋ ባልቀመጥ ኖሮ እኔም ይቺ ደግሞ የየት አገር ሴት ናት እል ነበር።»

«ሕጋዊ ስሟ እኮ ነው።»

«እንግዲያ ሕጉ መጥቶ ይሸከማታ።»

በእንግሊዝኛ ወግ ሚስት በባሏ ስም ትጠራለች። ክሌበር ማለት ቄሱ የኤልሪክን አባት፣ ሙሴ ቡቡልን፣ ሲያጠምቁ ያወጡላቸው ስም ነው፤ ከቄሱ ወዲህ የጠራበት ሰው አልነበረም። ኤልሪክ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ፤ ቀጥሎም ልጅ ሳለ የተከለከለውን ቋንቋ በተሰበረ አፍ አወጣው።

«እርስዎ ይንገሩልኝ» አላት በፈረንሳይኛ።

አዜሊ መሐላዋን አሰበች፤ የሟቿን እጅ አየች፤ ቆብዋን አነሣች።

«ላንተ ብዬ አይደለም» አለችው።

ጣቢያው ሲደርሱ ዘፈኑ ከመካከሉ ተቆረጠ። «አዜሊ ነኝ» አለች። «ታንት ሾሾ ሞታለች። የቡቡል ሚስት፤ ቦዩ ዳር፣ በለሷ ሥር ያለው ቤት። ስትወለዱ የያዘቻችሁ ሁሉ ማጨጃውን አቁሙና ኑ፤ ነገ ጧት ትቀበራለች።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ መንገዱ በካሚዮን ተሞላ፤ ሰዉ የሩዝ ገለባ በሸሚዙ ላይ እንደ ተጣበቀ ገባ፤ ወንበር አልበቃ ብሎ በደረጃው ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ኤልሪክን አቅፎ አለቀሰ። «ይቅር በለኝ ልጄ፤ ቀትር ላይ ሰምቼ ነበር። የማላውቃት ሴት መስላኝ ነፍስ ይማር አልኩና ምሳዬን በላሁ።»

ከዚያ ወዲህ ኤልሪክ ለአዜሊ መርዶ የምትናገርበት ጥቂት ደቂቃ ከምሳ በፊት ሰጣት፤ ከዚያ በቀር የመለሰው ነገር የለም። ጊታሩ አርጅቶ የከብት ጠባቂዎች ዘፈን መጣ፤ እሱም ሄዶ ሰባኪ መጣ፤ ሰባኪውም ሄዶ ቀኑን ሙሉ ስለ ኳስ የሚከራከሩ መጡ። የአገሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ ከነዘመኑ አስፍረውታል፤ የቀትሩን መርዶ ግን ፕሮግራም ነው ብሎ የቆጠረው አልነበረምና አልተጻፈም።

አዜሊ የሞተች ቀን በሠፈር ስሟ የሚጠራት አልተገኘም፤ በራዲዮም የባሏ ስም በእንግሊዝኛ ተነበበ። ስንቱ ነፍስ ይማር ብሎ ምሳውን እንደ በላ የሚያውቅ የለም።