የተቆረጠው አርባ ሰከንድ

ጁምዋ ፊልሙን አራተኛው ደቂቃ ላይ አቆመችውና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችው።

«አይደለም» አለች ለራሷ። «ሊሆን አይችልም።»

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማት ሰው አልነበረም። ትምህርት ካበቃ ቆይቷል። መምህርት ንያዚ ኮምፒውተሩን ከፍተውላት፣ «ቅዳሜ የሚመጣው መንደሩ ሁሉ ነው፤ አደራ እንዳታሳፍሪኝ!» ብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ ኖርዌይ ካለ ሌላ ትምህርት ቤት ጋር በየዓመቱ ፊልም ይለዋወጣል። የዘንድሮው ርዕስ «የምወደው የቤቴ ጥግ» ነው። የዚያ አገር ልጆች በእንግሊዝኛ የሚሉትን ጁምዋ በመንደሯ ቋንቋ፣ በጊሪያማ፣ ተርጉማ በራሷ ድምፅ ትሞላዋለች፣ የተንዛዛውንም ታሳጥራለች። ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ብትሆንም ከክበቡ አባላት እንደ እሷ እጁ የተፍታታ አልነበረም።

ፊልሙ የሶልቪ ነው። ሶልቪ የበቆሎ ጭራ የመሰለ ጠጉር ያላት ሳቂታ ልጅ ናት። ካሜራዋን ይዛ መጀመሪያ ወጥ ቤታቸውን አሳየች፤ ቀጥሎ ምድጃ ሥር የተጋደመች ወፍራም ድመት አሳየች። ከዚያ ወደ መግቢያው ኮሪደር ወጣች። ግድግዳውን ተከትለው ቦት ጫማዎች ተደርድረዋል። ከጫማዎቹ መካከል፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ከሰው የሚረዝም ቀጭን የተጠረበ እንጨት ቆሟል፤ ራሱ ክብ ነው። ራሱ ላይ የሱፍ ባርኔጣ ተደፍቶበታል፤ አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ሻርፕ ውኃ ያንጠባጥባል። በስተኋላው በመስኮቱ መስታወት በኩል በረዶ ይወርዳል።

«ይሄ የቤታችን ዘበኛ ነው» ትላለች ሶልቪ እየሳቀች።

ዘበኛ አይደለም፤ ኪጋንጎ ነው። ለሞተ ታላቅ ሰው ተጠርቦ የሚተከል፣ ሰውየው ራሱ ነው የሚባል እንጨት ነው። አንዴ ከተተከለ አይነቀልም። ቢያዘነብል አያቃኑትም፣ ቢወድቅ አያነሡትም፤ በወደቀበት ይበሰብሳል እንጂ የሰው እጅ አያርፍበትም። ይሄኛው ደግሞ የማን እንደሆነ ጁምዋ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለጋትም። ደረቱ ላይ ከተቀረጹት ሦስት ማዕዘኖች አንዱ ተዘቅዝቋል። ጠራቢው የኮኮናት ጠጅ አብዝቶ ነው እየተባለ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። የካሪሳ ነው፤ የአያቷ ሟች ታላቅ ወንድም። በድሮው ግቢያቸው ጉቶው ብቻ ነው የቀረው። እንጨቱ ማን እንደቆረጠው ሳይታወቅ ጁምዋ ሳትወለድ ጠፋ።

ወንበሯን ያስገፋት ግን ይህም አልነበረም። ሰኞ ጠዋት አያቷ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው የነገሯት ነው።

«ካሪሳ መጥቶ ነበር» ነበር ያሏት። «ዛሬም በረደኝ አለኝ። እግሬ ሥር ጫማ ደርድረውብኛል፣ አንገቴ ላይ ውኃ የሚያንጠባጥብ ነገር ጠምጥመውብኛል፣ ደጁ ደግሞ ዱቄት ያዘንባል አለኝ።»

«ዱቄት አባባ?» ብላ ጁምዋ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

«የካሳቫ ዱቄት የመሰለ። እኔ ምኑን አውቄው?»

ፊልሙ ትምህርት ቤት የደረሰው ረቡዕ፣ ማለትም ዛሬ ነው።

መልሳ ከፈተችው። ሶልቪ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ወደ ካሜራው አስጠጋች። የሶልቪ አያት ድሮ ወደ እነ ጁምዋ ባሕር ዳርቻ ሲመጡ እንጨቱን የገዙ ዕለት የተነሡት ነው። ከነጩ ሰውዬ ጎን አንድ ቀጭን ጎረምሳ እጁን እንጨቱ ላይ ጣል አድርጎ ይስቃል። ግራ ቅንድቡ በጠባሳ ለሁለት ተከፍሏል። ያንን ቅንድብ ጁምዋ ማታ ማታ እራት ላይ ታየዋለች።

አጎቷ ቶያ ነው።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት ቶያ ነው። ጠዋትና ማታ ኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጣ ጠጅ ይቀዳል፤ የትምህርት ቤት ክፍያዋን ከዛፍ አውርዶ ነው የሚከፍለው ቢባል ውሸት የለበትም። ጁምዋ ከትምህርት ቤት ሮጣ ስትደርስ ከዛፉ እየወረደ ነበር። ቅሉ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለሳ! ፈተና ወደቅሽ እንዴ?»

«አጎቴ፣ ካሪሳን አየሁት።»

«የቱን ካሪሳ? ባለሱቁን?»

«እንጨቱን። ኖርዌይ አንድ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ፎቶም አለ። አንተ አለህበት።»

ቶያ ቅሉን ቀስ ብሎ ከወገቡ ፈታ፤ መሬት ላይ አስቀመጠውና ዛፉን ተደግፎ ተቀመጠ።

«እየሳቅሁ ነው?» አላት በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር ጁሚ። ከድሮው ግቢ ለቅቀን ወደዚህ የመጣን ሰሞን ነው። ትልልቆቹ ስለማይነቀሉ አባባ ለሟቾቹ በምትካቸው ትንንሽ እንጨቶች እዚህ ሲተክል አጠገቡ ቆሜ ነበር። ካሪሳን 'ና፣ አዲሱ ቤትህ ይኸውልህ' ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ሰውየው ከእኛ ጋር መጥቷል አልኩ። እዚያ የቀረው ባዶ እንጨት ነው፤ ሰው ለቅቆት የሄደው ቤት ማለት ነው አልኩ። ለነጮች እንዲህ ያለ እንጨት የሚሸጥ ነጋዴ ሲጠይቀኝ መጋዝ ይዤ ሄድኩ።»

«ግን ካሪሳ አልመጣም ነበር።»

«አልመጣም» አለ ቶያ። «በዚያው ሳምንት አባባ ሕልም ማየት ጀመረ። ትንሹን እንጨት ጨርቅ አለበሰው፣ ጠጅ አፈሰሰለት፤ ምንም አልረዳ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 'ወንድሜን በረደው' ሲል እየሰማሁ እራቴን በላሁ።»

ጁምዋ ልትጠላው ፈለገች። አልሆነላትም፤ እንዲያውም አንጀቷን በላት።

«ቁረጪው» አላት ቀና ብሎ። «ስንት ደቂቃ ነው?»

«አርባ ሰከንድ።»

«አርባ ሰከንድ ምን አላት? ቁረጪያት። ሽማግሌዎቹ ቢሰሙ ሙት የሸጠ እጅ የቀዳውን ጠጅ ማን ይጠጣል? አንቺም ከትምህርት ቤት ትቀሪያለሽ። አባባ ደግሞ በዚህ ድካሙ ልጄ ነው የሸጠው ብሎ ይሙት?»

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አርባውን ሰከንድ ቆረጠችው። ሶልቪ ከድመቷ ተነሥታ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቷ የገባች መሰለ። ፊልሙን ከመጀመሪያው ከፍታ ስታየው ግን፣ በሶልቪ መኝታ ቤት ውስጥ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማች። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ዝናብ የለም። በኋላ ስታጣራ ምስሉን ቆርጣ ድምፁን ረስታው ኖሯል። የሻርፑ ውኃ ነበር። እሱንም ቆረጠችውና ኮምፒውተሩን ዘግታ እየሮጠች ወደ ቤቷ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ይዛ ስትገባ አያቷ ነቅተው ነበር። ከእሑድ ጀምሮ ከውኃ በቀር ብዙም ነገር በአፋቸው አልዞረም፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል።

«ዛሬስ በረደኝ አላለም» አሏት።

ጁምዋ ደስ አላት። «እሰይ! ታዲያ ምን አለ?»

«'ሰፈሬ ደርሼ ነበር' አለኝ። 'የፍየሎቻችሁን ሽታ አሸተትኩ፣ ሳላችሁንም ሰማሁ። ልገባ ስል አንዲት ልጅ በሩን ዘጋችብኝ' አለኝ።»

ጁምዋ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ስለ ፊልሙ ለአያቷ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ቶያ እንኳ ሌሊቱን ያደረው ጓደኛው ዘንድ ነው። አያቷ ሞራ የጋረደውን አንድ ዐይናቸውንና ደህናውን አንድ ላይ ወደ እሷ አዞሩ።

«የማን ልጅ እንደሆነች ግን አልነገረኝም» አሉ።

በዚያ ቀን ጁምዋ በክፍል ውስጥ የተማረችው ትምህርት አንድም አይታወሳትም። ደወሉ ሲደወል ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። ምስሉንም ድምፁንም፣ አርባውንም ሰከንድ በቦታው መለሰች። ሶልቪ በእንግሊዝኛ ያለችውን ሁሉ፣ የፎቶውንም ታሪክ ጭምር፣ ሳትቀንስ በራሷ ድምፅ ሞላችው። ስትጨርስ በቀጥታ ወደ ኮኮናት ዛፎቹ ሄደች። ቶያ ቢላዋውን እየሳለ ነበር።

«መለስኩት» አለችው።

ቢላዋው ቆመ።

«ነገ ይታያል አጎቴ። ብትመጣም ባትመጣም ይታያል። ግን ብትመጣ...» ልትጨርሰው አልቻለችም፤ እንባዋ ቀደማት።

ቶያ አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ቅሉን አነሣና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ሄደ። በዚያ ምሽት ለእራት አልመጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት የክፍሉ መስኮቶች በጆንያ ተሸፈኑ፤ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ነጭ አንሶላ ተሰቀለ። ሰዉ ግጥም ብሎ ሞልቷል። አያቷን ጎረቤት በሞተር ብስክሌት አምጥቶ ከፊት፣ በመምህርት ንያዚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ጁምዋ ከጎናቸው ኮምፒውተሩን ይዛ ተቀመጠች። ቶያ የለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር ትላለች፤ የሚገባው ሌላ ሰው ነው።

ፊልሙ ጀመረ። ድመቷ ስትታይ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ይቺ ድመት ናት ጥጃ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ጁምዋ አልሳቀችም። ዐይኗ ከሰዓት ቆጣሪው ላይ አልተነቀለም። ሦስት ደቂቃ ከሃያ። ሦስት ከሠላሳ። ያኔ አጠገቧ አንድ ሰው በጨለማው ውስጥ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ቢላዋም ቅልም አልያዘም፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ቶያ በአባቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣውም። እንደገና ከፈተ። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ። ሶልቪ ከምድጃው አጠገብ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ መራመድ ጀምራለች።

ጁምዋ ፊልሙን አቆመችው። ሶልቪ አንድ እግሯን እንዳነሣች አንሶላው ላይ ደርቃ ቀረች።

«መብራት ሄደ እንዴ?»

«የምን መብራት፣ ምስሉ አለ አይደል! ጁምዋ ናት ያበላሸችው!»

«ጁምዋ፣ ችግር አለ?» አሉ መምህርት ንያዚ።

«የለም ቲቸር። አንድ ጊዜ ብቻ ጠብቁን።»

ቶያ ወደ አባቱ ጆሮ ተጠጋ። ምን እንዳለ፣ ከየት እንደጀመረ ጁምዋ አልሰማችም። ያየችው የአያቷን እጅ ብቻ ነው፤ ከዘራቸውን ሲጨብጥ፣ ሲጨብጥ፣ ጅማቱ ሲገተር። ክፍሉ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን ማንም ምንም ሳይለው በራሱ ጸጥ አለ። ቶያ ጨርሶ ሊነሣ ሲል ያ እጅ ከዘራውን ለቅቆ ትከሻው ላይ ወደቀ። የቁጣ ይሁን የምሕረት ጁምዋ አልለየችውም፤ ቶያ ግን መነሣት አልቻለም።

«ቁጭ በል» አሉ አያቷ። «አብረን ነው የምናየው።»

ከዚያ ዐይናቸውን ከአንሶላው ሳያነሡ፣ «አንቺ ልጅ» አሉ፤ «በሩን ክፈቺለት።»

ጁምዋ ከፈተችው።