በፏፏቴው ዳር የቆመው ጃንጥላ

ረቡዕ ነሐሴ 6 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው የእንዳለች ቤት በር ተንኳኳ። ወንድሟ ቤካ ማታ አልተመለሰም ነበር። አስከሬኑ ከሆለታ መንገድ ወጣ ብሎ ካለ ፏፏቴ ሥር ተገኝቷል። ጃኬቱ ታጥፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ካሜራው በትራይፖዱ ላይ እንደቆመ ነው።

«ራሱን ነው የጣለው» አለ ጃንጥላውን ይዞ ከፖሊሱ ጋር የመጣው ሰላሁን፣ የቤካ የፎቶ ቤት ሸሪክ። «ሕይወት ሰለቸኝ ሲለኝ ነበር።»

በማግስቱ አስከሬኑ ከሆስፒታል ሲመጣ፣ የልደታ ማርያሙ ቄስ ገብረጊዮርጊስ አንገታቸውን ደፉ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም።

«እንግዲያው አይቀበርም» አለች እንዳለች።

«ልጄ፣ ሬሳ እኮ አይቆይም።»

«ይቆያል፣ አባ። ወንድሜ ራሱን አልገደለም። በነፍሱ ላይ ውሸት ተጭኖበት አፈር አይለብስም።»

የእድሩ ሰዎች ሊገስጿት ሞከሩ። እሷ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ተቀመጠች። «የሚያወጣው ካለ እኔን ረግጦ ይለፍ!»

በዚህ መሐል ኢንስፔክተር ሰሚራ ደረሰች፤ ቀጭን፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ከመናገሯ በፊት የምታይ ሴት።

«ፋይሉን እንድዘጋ ተልኬ ነው፣ እትዬ እንዳለች።»

«ሊዘጉት ከሆነ በመጡበት ይመለሱ።»

ሰሚራ አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ አወጣች። «ፊልሙን አሳጥቤዋለሁ። ይሄ የመጨረሻው ነው።»

እንዳለች ፎቶውን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው። ከፊት ጥቁር ድንጋይ፤ ውሃው ከግራ ጥግ ገብቶ ዓይንን እየመራ ወደ ፏፏቴው ይወስዳል፤ ሰማዩ ከላይ እንደ ጥለት ቀጥኗል። ውሃው እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስልሷል።

«ድንጋይ ሳያስቀድም ውሃ አያነሳም ነበር። ‹ዓይንም መቆሚያ ይፈልጋል› ይለኛል። ሊሞት የሄደ ሰው እንዲህ ይጠበባል?»

«ለፍርድ ቤት አይበቃም» አለች ሰሚራ። ፋይሉን ግን አልዘጋችም።

ቤካንና ሰላሁንን በመኪናው የወሰዳቸው ጎረቤታቸው ነጋ ነበር። «ስምንት ሰዓት ላይ ትቻቸው ተመለስኩ» አለ። «ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ቤካ ሌንሱ ላይ የሚገጥማት ጥቁር መስታወት መኪናዬ ውስጥ ቀረች። ይኸው፣ አሁንም አለች።»

ሰላሁን በደጁ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንግዳ ያስተናግዳል። ክረምት ነውና ቀይ ጃንጥላው ከእጁ አይለይም፤ የተሰነጠቀ እጀታው በነጭ ፕላስተር ተጠምጥሟል።

«እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትቼው በታክሲ መጣሁ» አላት ሰሚራ ስትጠይቀው።

«ባለፈው ወር በውድድር የተሸለሙበት የወንዝ ፎቶ ግሩም ነው፣ አቶ ሰላሁን። ውሃው እንዴት እንዲያ ለሰለሰ?»

«ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ይቆያላ!» ደረቱን ነፋ። «የሚንቀሳቀስ ሁሉ ይሟሟል። ሰው እንኳ ቢያልፍ አይታይም።»

«ብርሃኑንስ እንዴት መጠኑት?»

«እሱን እንኳ... ቤካ ነበር የሚያስተካክለው።»

ሰሚራ እንዳለችን፣ ሰላሁንን፣ ቄሱን፣ ነጋንና የእድሩን ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበች።

«ውሃ እንዲህ የሚለሰልሰው ካሜራው ለሰከንዶች ተከፍቶ ሲቆይ ነው። በጠራራ ፀሐይ ያን ያህል ከተከፈተ ፎቶው ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ብርሃኑን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ካልተገጠመ በቀር። መስታወቱ ደግሞ ነጋ መኪና ውስጥ ነበር። ስለዚህ ቤካ ይህን ያነሳው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።»

«እኔ ያኔ ቤቴ ነኝ» አለ ሰላሁን።

«ከድንጋዩ አጠገብ ጭስ የመሰለ ጥላ አለ። ሰው ነው፤ ካሜራው ሳይዘጋ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። ፊቱ አይለይም። እሱም ይህን ስላወቀ ነው ፊልሙን ያልነካው። ቤካ ግማሹን ብቻ ነው ያስተማረው፦ የሚንቀሳቀስ ይጠፋል። የማይንቀሳቀስስ?»

ፎቶውን ለቄሱ አቀበለቻቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

«ጃንጥላ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቀይ። እጀታው ላይ ነጭ ነገር ተጠምጥሟል።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሰላሁን እጅ ዞረ።

«ረስቼው... እዚያው ረስቼው ነው የመጣሁት!»

«ታዲያ ማን አመጣልህ?» አለች እንዳለች ተነስታ። «ሲመሽ ጃንጥላው ድንጋዩን ተደግፎ ቆሟል። ጠዋት መርዶ ይዘህ በሬ ላይ ስትቆም ግን በእጅህ ነበር!»

ሰላሁን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ቤካ ‹ፎቶው የኔ ነው ብዬ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። የተሸለምኩበትን... ስሜን ሊያጠፋ ነበር። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ጃኬቱንስ?» አለች ሰሚራ። «ራሱን የጣለ እንዲመስል አጥፈው ድንጋይ ላይ ያስቀመጡትም አንዴ በመግፋት ነው?»

ጃንጥላውን ከእጁ ወሰደችው።

እንዳለች ወደ ቄሱ ዞረች። «አሁንስ፣ አባ?»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ቀሳውስቱን ልጥራ።»

ቤካ በማግስቱ ሙሉ ፍትሐት ተደርጎለት ልደታ ማርያም ተቀበረ። ሰላሁን አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። የውድድሩ አዘጋጆች ከተሸለመው ፎቶ ግርጌ የሰላሁንን ስም ፍቀው የቤካን ጻፉ፤ እንዳለችም እስኪጨርሱ ድረስ አጠገባቸው ቆማ ነበር።