የቤት ሰው

ራዲዮ አሥራ ዘጠነኛውን ስም ጠርታ ቀና ስትል፣ እናቷ በአዳራሹ የኋላ በር ስትገባ አየቻት። ማይክሮፎኑን ከአፏ ዝቅ አደረገች። እናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅላ የምታኖረውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯም ተሠርቷል። ፀጉሯን የሠራቻት የሱቅ ጎረቤቷ ከጎኗ አለች፤ ክንዷን ይዛ ወደ ፊት ወንበሮች ትጎትታታለች።

«ራዲዮ» የክፍል ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው። ድምፅዋ ጥርት ያለ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ዛሬም በሰፈሩ የልጆች ሩጫ ላይ በነፃ ላገለገሉ ሰዎች የምስጋና ወረቀት ሲሰጥ ስም ጠሪዋ እሷ ናት። ዝርዝሩን ያዘጋጀችውም እሷው ናት። ዝርዝሩ ላይ አርባ ሁለት ሰው አለ። እናቷ የለችም።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ለሩጫው መቶ ሃያ ሰደርያ፣ ቁጥሩ ከጨርቅ ተቆርጦ እየተለጠፈ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የደንበኛ ሥራ ስትጨርስ እየተቀመጠች ሰፍታለች። «ስምንት ቁጥርን የፈጠረ ሰው መቀስ ይዞ አያውቅም» እያለች ትስቅ ነበር። ሰደርያዎቹን በከረጢት ተሸክማ ለስፖርት መምህሩ ያስረከበችው ራዲዮ ናት። በሩጫው ቀን እናቷ ሱቋን መዝጋት ስላልቻለች ሜዳው ላይ አልተገኘችም፤ ዝርዝሩ ደግሞ የተሠራው ሜዳው ላይ ተገኝተው ከፈረሙት ሰዎች ነው።

እሱ እንኳ ሊታረም ይችል ነበር። መምህሩ ባለፈው ማክሰኞ ዝርዝሩን ሲቀበላት በግልጽ ጠይቋታል። «ሰደርያውን የሰፋልን ሰውስ? ስሙን ጨምሪው እንጂ።» ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሦስት አስተባባሪ ተማሪዎች ነበሩ። ራዲዮ «የራሷን እናት አስገባች» የሚሏት መሰላትና ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «ግድ የለም ቲቸር፣ የቤት ሰው ነው» አለች። መምህሩም የቤት ሰው ከሆነማ ምን ችግር አለ ብሎ ወረቀቱን አጠፈው። ያን ጊዜ ያደረገችው ነገር ጨዋነት መስሏት ነበር።

ራዲዮ፣ እናቷ እሑድ እሑድ ሥራ ስለሚበዛባት አትመጣም ብላ ገምታ ነበር። ጭራሽ ትናንት «ብትቀሪ ይሻልሻል፣ ንግግር ብቻ ነው» ብላታለች። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ግን በነፃ ያገለገላችሁ ሁሉ ተጋብዛችኋል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ የተለጠፈ ነገር ሳታነብ አታልፍም።

ሃያኛው ውሃ ሲያድል የዋለው ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ወጣ፣ ተቀበለ፣ እጅ ነስቶ ተመለሰ። ሃያ አንደኛዋ የወደቁ ልጆችን ጉልበት ያጠበችው ነርስ ናት። እናቷ ስም በተጠራ ቁጥር ቀሚሷን አስተካክላ ቀና ትላለች፤ የሌላ ሰው መሆኑን ስትሰማ ከሁሉም አስቀድማ ታጨበጭባለች።

ራዲዮ የቀሩትን የምስጋና ወረቀቶች በአውራ ጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገቻቸው፤ ስም ያልተጻፈበት አንድ እንኳ የለም። ዝም ብዬ ልጥራትስ ብላ አሰበች። ጠርታትስ ምን ትሰጣታለች? ያ ሁሉ ሰው እያየ መድረክ ድረስ አምጥቶ ባዶ እጇን መመለስ የባሰ ነው። አፏ ብቻውን ማንበቡን ቀጠለ። ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት። መጨረሻ ላይ ወንበር የደረደሩት ሁለት ወንድማማቾች ተጠሩና አለቀ።

መምህሩ ማይክሮፎኑን ተቀበላት። ሰው ነንና ተረስቶ ስሙ ያልተጠራ ካለ እጁን ያውጣ አለ። ፀጉር ሠሪዋ ወዲያው የራዲዮን እናት ክርን ይዛ ወደ ላይ ገፋችው። እናቷ እጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ፈገግ እንዳለች ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ራዲዮ አንድ ቃል ብትተነፍስ ይበቃ ነበር። እሷ ግን ዝርዝሩን አጣጠፈች። መምህሩ ግራ ቀኙን አየና አመስግኖ ዘጋ።

በሩ ላይ ስትደርስባቸው ፀጉር ሠሪዋ ትንጨረጨራለች። ወንበር የደረደረ ሲጠራ መቶ ሃያ ሰደርያ የሰፋች ሴት እንዴት ትረሳለች፣ ይሄ መምህር ዛሬ ከእኔ ጋር ይተዋወቃል ትላለች። እናቷ ለመነቻት። ስንቱን ሰው ያስታውስ፣ ረስቶ ነው፣ ተዪው በሞቴ አለቻት። ከዚያ ወደ ራዲዮ ዞረች።

«ድምፅሽ እንዴት ደስ ይላል። አንድ ስም እንኳ አልተሳሳትሽም እኮ።»

ፀጉር ሠሪዋ እያጉረመረመች ተወችው። ነገሩ እዚያው ሊቀር ነበር፤ መምህሩ ረሳ ተብሎ፣ በሳምንቱ ተረስቶ። ራዲዮም ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም።

«እማዬ፣ ቲቸር አልረሳም» አለች። «የሰፋውን ሰው ስም ጨምሪ ብሎኝ ነበር። የቤት ሰው ነው፣ ግድ የለም አልኩት። የራሷን እናት አስገባች እንዳይሉኝ ብዬ።»

እናቷ ልጇን ትንሽ አየቻት፤ ከዚያ የቀሚሷን እጅጌ አየች።

«እሱስ ልክ ነሽ፣ የቤት ሰው ነኝ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። ከሰዓት የሚወሰድ ሥራ አለብኝ፣ ሱቁን ልክፈት ብላ መንገድ ጀመረች። ፀጉር ሠሪዋም ተከተለቻት።

ራዲዮ፣ እናቷ ጥጉን እስክትታጠፍ ቆማ አየቻት። ከዚያ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ሰዉ ሄዷል፣ መምህሩ ብቻውን ወንበር ይደራርባል። አሁን ቢነገረው የተተወው ነገር እንደማይመለስ ታውቃለች፤ እናቷም ሄዳለችና አትሰማም።

«ቲቸር፣ አንድ ስም ይቀራል» አለች። የእናቷን ስም ከነአባቷ ነገረችው። «ሰደርያዎቹን የሰፋችው እሷ ናት። እናቴ ናት።»