ከኩርባው ማዶ የወደቀው ሹፌር

የሹፌሩ የለሊሳ ሬሳ የተገኘው ከተገለበጠው ሚኒባስ ስልሳ እርምጃ ርቆ፣ ከኩርባው ማዶ ቦይ ውስጥ ነው። ስልሳ እርምጃ! አገሩ ሁሉ በዚህች ቁጥር ሰከረ። «ሰውን ስልሳ እርምጃ የሚወረውር ፍጥነት ስንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው?» እያለ ፌስቡክ ላይ ሲያሰላ ያልዋለ የለም። ከጌዶ እስከ አምቦ «እሰይ! እንኳን ሞተ!» ተባለ። ሬሳውን በስልካቸው ሲቀርጹ ከነበሩት መካከል አንድም ሰው ነጠላ ጣል አላደረገበትም።

በዚያው አደጋ የሞተችው ሌላ ሰው ለንሳ ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ኦቦ ሂርጳ የሚኒባሱ ባለንብረትና የጌዶው እድር ዳኛ ነው። የእድሩ ሰዎች አምቦ ለቀብር ቀድመው ሄደው ነበር፤ በሚኒባሱ የተከተሉት የዘገዩት አምስት ናቸው፦ ሹፌሩ፣ ሂርጳ፣ ለንሳ፣ ቅቤ ነጋዴዋ ዘርፈሽና ረዳቱ ፊራኦል።

እድሩ ለንሳን በወጉ ቀበራት። ለለሊሳ ግን «ለነፍሰ ገዳይ ድንኳን አንተክልም» አለ። ድንኳን ብቻ አይደለም፤ ቀብሩ ላይ የተገኘ አባል ከእድር ይሰረዛል ተባለ። ጭካኔ በስብሰባና በጭብጨባ ሲጸድቅ ማየት የፈለገ ያን ቀን ጌዶ በነበረ!

የለሊሳ ሚስት ሲንቄ በነጋታው አምቦ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ገባች።

«ኢንስፔክተር፣ ባሌን የሚቀብርልኝ ሰው አጣሁ። ለሊሳ እንደሚሉት አይነዳም። ጓደኞቹ እንኳ ‹ኤሊው› ነው የሚሉት። እውነቱን አውጪልኝና እንደ ሰው ይቀበር።»

ኢንስፔክተር ሃዋኒ አጭር፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት፤ ስታስብ መፋቂያ ታኝካለች። ተስፋ አልሰጠቻትም። ተነሥታ ሬሳው ወዳለበት የሆስፒታል ክፍል ሄደች።

የለሊሳ የራስ ቅል ከኋላ ተሰብሯል። ፊቱ፣ ጉልበቱ፣ ደረቱ ግን ጭረት እንኳ የለውም። ሃዋኒ መዳፎቹን ገልብጣ አየች፤ በሚያጣብቅ ነገር ጠቁረዋል። ብታሸታቸው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ አሉ።

ከዚያ ወደ ቦታው ወረደች። በጌዶ በኩል አስፋልቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተነጥፏል፤ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ሹፌር ሁሉ ለሚመጣው ማስጠንቀቂያ የሚያደርገው ነው። በአምቦ በኩል አንድ ቅጠል የለም። ሬሳው በተነሣበት ቦይ ውስጥ ግን አንድ እቅፍ ቅርንጫፍ ተጨፍልቆ ተኝቷል፤ ላዩ ላይ ደም ደርቋል። አጠገቡም ደም የነካው ድንጋይ አለ።

መጀመሪያ ፊራኦልን አገኘችው።

«ቀስ በል እያልን ለመንነው፣ አልሰማ አለ፤ ተገለበጥን፣ እሱ ተወረወረ።»

«ከዚያስ?»

«እኔ ገበሬዎቹን ልጠራ ሮጥኩ።»

ገበሬዎቹም እውነት ነው አሉ፤ ፊራኦል የተመለሰው ከእነሱ ጋር ነው።

ቀጥላ ዘርፈሽ ቤት ገባች።

«ቀስ በል እያልን ለመንነው፣ አልሰማ አለ፤ ተገለበጥን፣ እሱ ተወረወረ» አለች ዘርፈሽ።

እንዴ! ሁለት ሰው በአንድ አፍ?

«አዴ ዘርፈሽ፣ ይህን ያስጠናሽ ማነው?»

ዘርፈሽ ዓይኗን ሰበረች። «እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፣ ኢንስፔክተር። እድሬ ነው ዘመዴ።»

ኦቦ ሂርጳ ሐዘን ቤቱ በሰው ተከቦ ነበር። ስለ አደጋውና ስለጣለው ቅጠል የተናገረበት ቪዲዮ ከአርባ ሺህ በላይ ሰው አይቶታል፤ ከሥሩ «ጀግና አባት!» ያላለ የለም።

«ቅጠሉን የጣሉት እርስዎ ነዎት አሉ» አለች ሃዋኒ።

«አዎ፣ በሁለቱም በኩል። ልጄ ዓይኔ እያየ ሞታ እንኳ ሌላ ሰው እንዳያልቅ ብዬ።»

«የት ነበር የተቀመጡት?»

«የመጨረሻው ወንበር ላይ።»

ሊሸኛት ሲነሣ ደረቱን ይዞ አቃሰተ። ሃዋኒ መፋቂያዋን ከአፏ አወጣች። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደታከመበት ሆስፒታል ሄደች፤ ሐኪሙም ካርዱን አሳያት። ደረቱ ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ሰንበር አለ ይላል።

ሆስፒታሉ ሬሳው ከዚህ በላይ አይቆይም በማለቱ ሲንቄ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወሰደችው። ከሰዓት በኋላ ሃዋኒ የእድሩን አባላት ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበች። ሂርጳ ከፊት ተቀመጠ፤ ሲንቄ በሩ ጋ ቆማለች።

«ስልሳ እርምጃ ስትሉ ሰነበታችሁ» አለች ሃዋኒ። «ከእናንተ ውስጥ ኩርባ ዞሮ የሚበር ሰው ያየ አለ? ለሊሳ አልተወረወረም። በእግሩ ነው የሄደው።»

አዳራሹ ተንጫጫ።

«መዳፉ ላይ የባሕር ዛፍ ሙጫ አለ። መኪናው እንደተገለበጠ ወጥቶ ቅርንጫፍ ሰበረ፤ በጌዶ በኩል አነጠፈ። ለአምቦ በኩል የሚሆነውን ታቅፎ ሲሄድ ከኋላው በድንጋይ ተመታ። ቅጠሉ ከሥሩ፣ ደሙ ከላይ ነው። ቅጠሉን የጣልኩት እኔ ነኝ ያሉት ሰው ግን በሁለቱም በኩል አሉ፤ በአምቦ በኩል ግን አንድም ቅጠል አልተነጠፈም። ለሊሳ ሁለተኛውን እቅፍ ይዞ ሲሄድ ያየ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚለው።»

«ሐዘንተኛ ላይ ትቀልጃለሽ?» ሂርጳ ጮኸ። «እኔ በምን ምክንያት እገድለዋለሁ?»

«ደረትዎ ላይ ያለው ሰንበር የመሪ ነው። የመጨረሻው ወንበር መሪ የለውም፣ ኦቦ ሂርጳ። ሲነዱ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ለሊሳ ደግሞ ቢተርፍ ለፖሊስ ይናገር ነበር።»

ሃዋኒ ድምጿን ሳትጨምር ቀጠለች።

«አንድ ነገር ይቀራል። ከአምቦ ወደ ባኮ ባዶውን ሲበር የነበረ አይሱዙ ኩርባውን ዞሮ የተገለበጠውን ሚኒባስ ገጭቷል። ሹፌሩ መንገዱ ላይ ቅጠል አላየሁም፣ ባይ ኖሮ እቆም ነበር ብሏል። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ልጅቷ አስቀድማ ሞታለች ስለተባለ። ለንሳን የገደላት አይሱዙው ነው።»

«ውሸት! ትቻት ስሄድ ሞታ ነበር!»

«ቅጠሉን የሰበረው ለሊሳ ከሆነ፣ እርስዎ ወዴት ነበር የሄዱት?»

ያን ጊዜ ዘርፈሽ እያለቀሰች ተነሣች።

«አልሞተችም፣ ኦቦ ሂርጳ። ራሷን ስታ ነው። ወንበር ይዟት ስለነበር ላወጣት አቃተኝ፤ በመስኮቱ ውሃ ብረጭባት ነቃች። ‹አባዬ የት ሄደ?› አለችኝ። ‹መጣሁ ብሏል› አልኳት። ከዚያ አይሱዙው መጣ፤ እኔ ዘልዬ ዳንኩ። አዝኜልህ ነው ያልነገርኩህ።» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ለሊሳን ‹ቀብሩ ያልፍብናል፣ ንዳው!› ስንል የነበርነው እኛ ነን። ‹ሰው ለመቅበር ሰው አልገልም› አለ። ኦቦ ሂርጳ ‹የመኪናዬን መሪ ልቀቅ!› ብሎ ራሱ መንዳት ጀመረ። ከእድር ብባረር ማን ይቀብረኛል ብዬ ዋሸሁ።»

ፊራኦልም አንገቱን ደፍቶ «እውነት ነው፣ እኔም እንጀራዬን ፈርቼ ነው» አለ።

ሂርጳ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ነቅታ ነበር? ጠራችኝ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀ። ፖሊሶች ካቴና ሲያስገቡለት እጁን ራሱ ሰጠ።

ሕዝቡማ ምን ቸገረው! ከትናንት ወዲያ ለሊሳን የረገመ አፍ «ይሰቀል!» ብሎ ተነሣ። ስልኮች ወጡ። ወድቆ የሚያለቅሰውን አባት ከቅርብ ለመቅረጽ ወንበር ላይ የወጣም ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ ኦቦ ጉዩ ወደ ሲንቄ ሄዶ እጅ ነሣ።

«ልጄ፣ በድለንሻል። ድንኳኑ አሁኑኑ ይውጣ። ዛሬውኑ በክብር እንቀብረዋለን።»

«ጠዋት ቀበርኩት» አለች ሲንቄ። «እኔና ሁለት ቆፋሪዎች። ሳጥኑ ሲወርድ አንደኛውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከበደኝና አመለጠኝ። ባሌ ጉድጓድ ውስጥ በጎኑ ወደቀ።»

«እንግዲያው ሐዘንሽን እንቀመጥ» አለ ጉዩ።

«መዝገቡን አምጣልኝ፣ ኦቦ ጉዩ። ስሜን ሰርዝ። ስሞት እናንተ እንዳትቀብሩኝ።»

ጉዩ ቢለምናት አልሰማችም። መዝገቡን አምጥቶ ገጹን እየገለበጠ ሲፈልግ፣ እሷ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። ስሟ ያለበት ገጽ ሲመጣ በጣቷ አሳየችው፤ እሱም ሰረዘው።