የሦስተኛው ታንከር አየር

አይለርትን ከሦስተኛው ታንከር በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ሰውነቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። በዚያ ላይ የኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች ማዕበል ጀልባውን አስቀርቶታል፤ ከደሴቲቱ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ለሌላ ጉዳይ መጥታ በማዕበሉ እዚሁ የቀረችው የፖሊስ ኢንስፔክተር ቦርግሂልድ የዓሣ ጉበት ዘይት ፋብሪካውን ሰዎች መመገቢያ ክፍል ሰብስባ በሩን ዘጋች። ከገዳይ ጋር አንድ ምድጃ ከበው መሞቅ፣ ምን ዓይነት እርግማን ነው!

የተጠረጠሩት ሦስት ናቸው፤ የሟቹ ሚስት ዮሩን፣ ታናሽ ወንድሙ ሹርና ሥራ አስኪያጁ አንስጋር። ሹር ያለ ይሉኝታ ጣቱን ዮሩን ላይ ቀሰረ። ባልና ሚስቱ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምቷል፤ የታንከሩ መሰላል ላይም አይቷታል። እሷም አልካደችም። ባሏ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኗል፤ ዛሬስ ሥራ ይቅርብህ ብላ ብትለምነው አኩርፎ ወጣ፤ ሻይ ይዛ ብትከተለው ወድቆ አገኘችው። ማዕበሉ ሲረግብ በካቴና እንደምትሄድ ሁሉም አምኗል፣ እሷም ጭምር።

«ልቡ ነው የገደለው» አለ አንስጋር ረጋ ብሎ። «ታንከሩ የትናንት ዘይት ነበረበት፤ ዛሬ ጠዋት አራገፍነው። ገብተህ እጥበቱን እይልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። ዝቃጩን ለክቼዋለሁ፣ የመበላሸት ምልክት የሆነው ፐሮክሳይዱ ከምንም አይቆጠርም። ትኩስ ዘይት ነው።»

ቦርግሂልድ ወጥታ በረጅም ጭልፋ ከዝቃጩ ቀድታ መጣች። እንደ አገሩ ሰው የእጇ ጀርባ ላይ አሸት አሸት አድርጋ አሞቀችውና እንዲያሸተው ለሹር አቀረበችለት። ሹር ፊቱን አዞረ፤ የቆየ የቀለም ቆርቆሮ ይሸታል አለ።

«ዘይት አየር ሲያገኝ መጀመሪያ ፐሮክሳይድ ይሠራል» አለች ወደ አንስጋር ዞራ። «እሱ ሽታ የለውም፤ የእርስዎ መለኪያ የሚቆጥረውም እሱን ብቻ ነው። ሲቆይ ግን ፐሮክሳይዱ ራሱ ይሰባበርና ይሄ የሚከረፋው ነገር ይወጣዋል። ያኔ ቁጥሩ ተመልሶ ይወርዳል። ትንሽ ቁጥር ያለው ወይ ገና የወጣ ዘይት ነው፣ ወይ አብቅቶለት ያለቀ። ይሄ የአምና ነው።»

እንዲህ ያለ ዝቃጭ በዝግ ታንከር ውስጥ ሲከርም ኦክስጅኑን በልቶ እንደሚጨርስ፣ የገባ ሰውም ለመጮህ ጊዜ እንደማያገኝ ነገረቻቸው።

«ወንድሜ አየር መኖሩን የሚፈትሽበትን ፋኖስ ሳያወርድ አይገባም» አለ ሹር።

«ተዘግቶ ለከረመ ታንከር ነዋ። ጠዋት ተራገፈ ለተባለ ታንከር ፋኖስ የምታወርዱ አላችሁ?»

ቦርግሂልድ ጭልፋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አፍንጫው ደህና ቢሆን ክዳኑን ሲከፍት ይነቃ ነበር። ሲያስነጥስ ደግሞ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ትኩስ ነው ብሎ ያስገባውን ሰው መፈለግ አልነበረብኝም፤ አሁን በሰው ፊት በራስዎ አፍ ነገሩኝ፣ አቶ አንስጋር።»

ያኔ ሹር አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። አይለርት የአምናውን ብልሽት ከአዲሱ ቀላቅላችሁ ለልጆች አትሸጡም ብሎ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተናንቆ ነበር። አንስጋር ተነሥቶ በሩን አየ። ነፋሱ በሩን ከውጭ እየገፋው ነበር፤ ቢወጣስ ወዴት ይሄዳል? ተመልሶ ተቀመጠ።

«እኔን አኩርፎ መስሎኝ ነበር» አለች ዮሩን። «ተናዶ፣ ፋኖሱን የተወው በእኔ ምክንያት መስሎኝ…»

«አይደለም» አለቻት ቦርግሂልድ። «ሰው አምኖ ነው የገባው።»

ዮሩን ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣላት እንባ ያን ጊዜ መጣ። ሹር ወንበሩን አስጠግቶ አጠገቧ ተቀመጠ።