ዓይን የጨፈነው ኮሚቴ

ቄስ ጎንፋን ሞት የያዛቸው በቀን ብርሃን፣ አራት ሰው ከብቧቸው፣ ጸሎት ላይ ነው። ከአራቱ አንዱም ምንም አላየም። ምነው ቢሉ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበራ! ሰው አጠገባቸው እያጣጣረ ሲሞት እንኳ የማይገልጡ ቅዱሳን መቱ ውስጥ መኖራቸውን ከተማው ያወቀው ያን ዕለት ነው። እሰየው፣ ምን ይባላል!

በዚያች ቤተ ክርስቲያን «የአገልጋዮች መካሪና መርማሪ ኮሚቴ» የሚባል አለ። ቅስና የሚጠባበቁ ወንጌላውያንን ይመክራል፣ ይገመግማል፣ በመጨረሻም «ደርሷል» ወይም «ይቆይ» ይላል። ሰብሳቢው ሟቹ ቄስ ጎንፋ ነበሩ። አባላቱ ደግሞ ሦስት ናቸው፤ ቄስ ጭምዴሳ፣ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አቶ ፈንታሁን፣ ጡረታ የወጡት ነርስ ሲስተር ተስፋነሽ። ሦስቱም የሰው ትሕትና ሊመዝኑ ሲቀመጡ ወንበር የሚጠባቸው ሰዎች ናቸው።

ያን ዕለት የተመረመረው ከዳሪሙ የመጣው ወንጌላዊ ሞሲሳ ነበር። ጥያቄው ሲያልቅ እንደ ልማዱ ተንበረከከ፤ አራቱም እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልይ ጀመር። በዚህ መሐል የቄስ ጎንፋ አስም ተነሣ። በአፋቸው የሚስቧት ሰማያዊ መድኃኒት ከጎናቸው ተለይታ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ግን ጠፋች፤ ሰውየውም ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ። ባለቤታቸው «መድኃኒቱ የታለ?» ብለው ቢጮኹ ፖሊስ መጥቶ ፈተሸ። በሩ አጠገብ ከተሰቀለው የሞሲሳ ኮት ኪስ ተገኘች። ሞሲሳም ታሰረ፤ ሦስቱ የኮሚቴ አባላትም «ዓይናችን ተጨፍኖ ነበር» ብለው ፈርመው ቤታቸው ገቡ።

ነገሩ በዚሁ ባበቃ ነበር። ግን የሟቹ ባለቤት እትዬ ኡርጂ ከለቅሶው ድንኳን ተነሥተው ኢንስፔክተር ሽብሬ ቢሮ ገቡ።

«ሞሲሳ ባሌን አልገደለውም፣ ልጄ።»

«በምን አወቁ፣ እትዬ?»

«ያን ጠዋት ‹ዛሬስ ሞሲሳን አሳልፈዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ያስቆየሁት በሰው ወሬ ነው› ብሎኝ ወጣ። ‹እሱን ከጨረስን በኋላ የምንመረምረው ራሳችንን ነው› አለኝ። አገልጋዮቹ በምክር ሰዓት እያለቀሱ የሚነግሯቸውን ምስጢር የሚያወጣ ሰው ከኮሚቴው መሐል አለ። የሰውን ኃጢአት እንደ ልጓም ይዞ ሰውን ይነዳበታል።»

«ማነው እሱ?»

«ስሙን አልነገረኝም። እኔም እንዳላማ ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ማሎ፣ ምነው፣ ለእሱስ ማን አሰበለት?» ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሽብሬ የቄስ ልጅ ነች። የቄስ ልጅ ቄስ አይፈራም፤ ከውስጥ ያየ ሰው ምኑን ይፈራል? በማግስቱ ቄስ ጭምዴሳ ቤት ሄደች።

ቄስ ጭምዴሳ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ማር ይንጠባጠባል። «ልጄ፣ እኔ ስጸልይ ዓለም ለእኔ የለችም። ቀኝ እጄ ልጁ ራስ ላይ፣ ግራዬ መጽሐፍ ቅዱሴን ደረቴ ላይ አቅፎ፣ እስከ መጨረሻው አልተነቃነቅሁም።»

«ቄስ ጎንፋ ሲወድቁ?»

«ሞሲሳ አቀፋቸው። እኔ በሩን ከፍቼ ባጃጅ ልጠራ ሮጥሁ።»

«ሞሲሳ ይህን የሚያደርግ ይመስልዎታል?»

ሰውየው ተነፈሱ፣ ጣሪያውን አዩ። «የምክር ምስጢር ነው። አፌ እንዴት ይችላል?» አፋቸው ግን ምራቅ እስኪውጡ እንኳ አልታገሠም። «ለእውነት ስል ግን… ሹመቱ ሲዘገይበት ‹ቄስ ጎንፋን ሞት ይውሰደው ብዬ ጸለይሁ› ብሎ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነግሮኛል።»

«እርስዎስ ምን ብለው መከሩት?»

የሞሲሳን ለቅሶ ቃል በቃል የያዙት ሰው የራሳቸውን ምክር ረስተውታል። ሽብሬ አመስግና ወጣች፤ ደጅ ስትደርስ መሬት ላይ እንትፍ አለች።

አቶ ፈንታሁን ደግሞ ገና ሳትጠይቃቸው መማል ጀመሩ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ምንም አላየሁም!»

«ከጸሎቱ በፊት ቄስ ጎንፋ የተናገሩት ነገር ነበር?»

«አዎ፣ ‹ከዚህ በኋላ ስለ ራሳችን አንድ ጉዳይ አለኝ› ብለው ነበር። ምን እንደሆነ እንጃ።»

«ጸሎቱስ እንዴት ነበር?»

«ኧረ አይነሣ! እንደዚያ ያለ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም። ቄስ ጭምዴሳማ እንባቸውን በነጭ መሐረብ እየጠረጉ…»

«በየትኛው እጃቸው?»

«በቀኛቸው፤ በግራቸው መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የለም እንዴ!» አሉ አቶ ፈንታሁን፣ ተማሪ እንደሚያርም አስተማሪ። ሽብሬ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። ሠላሳ ዓመት ልጆች ሲኮርጁ የያዙ ሰው ራሳቸው መያዛቸውን አላወቁም።

ሲስተር ተስፋነሽ ፊታቸው አባብጦ ነበር። ስለ ሞሲሳ ከልብ አዝነዋል። «ያ ልጅ ምስኪን ነው። ግንባሩን የቄስ ጎንፋ ጉልበት ላይ ደፍቶ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ነበር። ንቅንቅ አላለም።»

«አዩት?»

«እ… ማለቴ፣ መቼም እንደዚያ ነው የሚሆነው። እኔማ ዓይኔ ተጨፍኗል።»

«ቄስ ጎንፋ ሲያቃትቱ አልሰሙም? እርስዎ ነርስ ነዎት።»

«ጸሎቱ ይጮህ ነበር። መንፈስ የሞላቸው መሰለኝ» አሉና ዓይናቸውን ከሽብሬ አሸሹ።

በመጨረሻ ሽብሬ ሞሲሳን ከታሰረበት አስጠራችው። ዳሪሙ ውስጥ መኪና በማይገባበት መንደር ሁሉ በእግሩ እየዞረ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ጫማው ከባለቤቱ በላይ ይናገራል።

«ቄስ ጎንፋ እንዲሞቱ ጸልየሃል?»

ሰውየው አልካደም። «ጸልያለሁ። በማግስቱ ንስሐ ገባሁ። ለቄስ ጭምዴሳም ነገርኳቸው። አሁን እዚህ ተኝቼ ሳስበው፣ ምናልባት ያ ጸሎቴ ይሆናል የገደላቸው።» ጫማውን እያየ ቀጠለ። «እኔስ ዕድሜ ልክ ቢፈርዱብኝ ልቻለው። እዚያ ለወንጌል ያመጣኋቸው ሰዎች ግን ‹ነፍሰ ገዳይ ነው ያስተማረን› ብለው ሊበተኑ ነው።»

«ጸሎቱ ላይ ምን አየህ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ሽብሬ አፍጥጣ አየችው። ይህን ቃል ከሦስት ሰው ሰምታለች፤ አሁን ግን አመነች። «እሺ፣ ምን ተሰማህ? እጆቹን ማለቴ ነው።»

ሞሲሳ አመነታ። «ራሴን ወዲያ ወዲህ የሚንጠኝ እጅ ነበር። ቄስ ጭምዴሳ ሲጸልዩ እንደዚያ ናቸው፣ አንገት ይሰብራሉ። ቄስ ጎንፋ መንቀጥቀጥ ከጀመሩ በኋላ ያ እጅ ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ።»

«ይህን ለምን ለፖሊስ አልተናገርክም?»

«ኮሚቴው ‹በጸሎት መሐል እጅ ትቆጥራለህ እንዴ?› እንዳይለኝ ፈርቼ ነው።»

«አንተ ሰው! አንገትህ ገመድ ሊገባበት ነው እኮ!» ብላ ጠረጴዛውን መታች። ንዴቷ በእሱ አልነበረም።

በነጋታው ሁሉንም ያንኑ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዝናብ ስለነበር መስኮቶቹ እንደዚያን ዕለት ተዘግተዋል። እትዬ ኡርጂ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሽብሬ ራሷ የቄስ ጎንፋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በቀኟ በኩል መድኃኒቷ የምትቀመጥባት፣ ወፍራም ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ሞሲሳ ከፊቷ ተንበረከከ። ቄስ ጭምዴሳ እንደዚያን ዕለቱ በጠረጴዛዋ በኩል፣ አቶ ፈንታሁን በግራ፣ ሲስተር ተስፋነሽ ከሞሲሳ ኋላ ቆሙ።

«ልክ እንደዚያን ዕለት ጸልዩ» አለች። «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ።»

እጆች ተጫኑ፣ ድምፆች ተነሡ። ምን አለፋችሁ፣ ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ! ቄስ ጭምዴሳ የሞሲሳን ራስ ይንጡት ገቡ። ሽብሬ እጇን ኪሷ ከተተች፤ ሰማያዊዋን መድኃኒት አውጥታ ያለ ምንም ኮሽታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረቻት።

ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። የሞሲሳ ጸሎት ብቻውን ቀጠለ፤ ክፍሉ ጸጥ ማለቱ እስኪያስደነግጠው ድረስ።

«ምነው ቆማችሁ?» አለች ሽብሬ። «ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይስ ይኸው ያሰራችሁት ብቻ ነው። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። በጸሎት ሰዓት የሚያጮልቁ ሽማግሌዎችን እያየሁ ነው ያደግሁት፤ እኔም እያጮለቅሁ!»

ማንም አልሳቀም።

«እሺ፣ ዓይናችሁን እንተወው። እጃችሁስ? ያን ዕለት የሞሲሳ ራስ ላይ አራት እጅ ነበር። እሱ ተነሥቶ መድኃኒት ወስዶ፣ በሩ አጠገብ የተሰቀለው ኮቱ ጋ ደርሶ ቢመለስ ከአራቱ አንዱ ሳያውቀው ይቀራል? ከጸሎቱ በኋላም ሟቹን አቅፎ አልተነቃነቀም። ስለዚህ ኮቱ ኪስ የከተተው ሌላ ሰው ነው። ወደ በሩ የሮጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባጃጅ ሊጠራ።»

ቄስ ጭምዴሳ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ይህ ግምት ነው።»

«ይቆዩ። እርስዎ ‹እጄ አልተነሣም› አሉኝ። ሞሲሳ ግን የሚንጠው እጅ ሲነሣና ሲመለስ ተሰምቶታል። ጋሼ ፈንታሁን ደግሞ በቀኝ እጅዎ በመሐረብ እንባ ሲጠርጉ አይተዋል፤ በተጨፈነ ዓይናቸው! ጠረጴዛዋ ያለችው በእርስዎ በኩል ነው። መሐረቡ የወረደው ለእንባ አልነበረም።»

«ለምን ብዬ?»

«ቄስ ጎንፋ ‹ስለ ራሳችን ጉዳይ አለኝ› ብለው ነበር። የምክር ምስጢር ያወጣ ሰው ሊመረመር ነበር። ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከምሁም፤ ቤትዎ በመጣሁ በመጀመሪያው ቀን የሞሲሳን ንስሐ ሳልለምንዎት አስረከቡኝ!»

ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞረች። «የሐሰት ቃል ፈርማችኋል። ዛሬ የሚናገር ምስክር ይሆናል፤ ዝም የሚል ግን ተባባሪ ነው።»

ሲስተር ተስፋነሽ ቀድመው ተሰበሩ። «አየሁት። ጭምዴሳ መሐረቡን ጣል አደረገና ከነመድኃኒቱ አነሣው። ቄስ ጎንፋ ጠረጴዛውን ይዳብሱ ነበር…»

«እኔም» አሉ አቶ ፈንታሁን፣ የማይሰማ በሚመስል ድምፅ። «ግን ዓይኔን ከፍቼ ነበር ማለት… በዚህ ዕድሜዬ…»

ቄስ ጭምዴሳ ሳቁ። ማሩ ከድምፃቸው አልቆ ነበር። «ስታዩኝ እኮ አይቻችኋለሁ። ሁለታችሁንም! እንደማትናገሩም አውቅ ነበር። ስንት ዓመት አብሬያችሁ ሰው መርምሬያለሁ፤ እናንተን ሳላውቃችሁ ልቀር ነው?» ወደ ሽብሬ ዞሩ። «እኔ አልገደልሁትም። የገደለው አስም ነው።»

«ይህንን ለዳኛው ይንገሩት» ብላ እጃቸውን በካቴና አሠረች።

ሰውየው ሲወሰዱ እትዬ ኡርጂ ቀና ብለው እንኳ አላዩአቸውም። ተነሥተው ሲስተር ተስፋነሽ ፊት ቆሙ።

«ስንት ጊዜ ዳበሰ?»

«ኡርጂ፣ ማሎ፣ እባክሽ…»

«ጠረጴዛውን ስንት ጊዜ ዳበሰ? አንቺ ነርስ ነሽ። የልጆቼን ክትባት የወጋሽ አንቺ ነሽ። ዓይንሽ ተጨፍኖ ቢሆን እኮ ይቅር እልሽ ነበር።»

ሲስተር ተስፋነሽ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ያዘነላቸው ሰው ግን አልነበረም።

አቶ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዲህ ያለ ሰው መቼም ስብሰባ ሳይዘጋ አይነሣም። «እንግዲህ ወንጌላዊ ሞሲሳ ከጥርጣሬው ነፃ ወጥቷል። ቄስ ጎንፋም ሊያሳልፉት ነበር ተብሏል። በሚቀጥለው ሳምንት እጅ ጭነን ሹመቱን ብናጸድቅ…»

«ጋሼ ፈንታሁን» አለ ሞሲሳ። ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። «እኔ ዕድሜ ልክ ሊፈረድብኝ ሲል እንኳ እውነቱን ዋጥ ያደረግሁት እናንተ ምን ትሉኛላችሁ ብዬ ነው። ከእግዚአብሔር በላይ እናንተን ፈርቼ ኖሬያለሁ። ይበቃኛል።»

«ቅስናውስ?»

«የዳሪሙ ሰው ይመርምረኝ። እነሱ ቢያንስ ያዩትን ይናገራሉ።»

ኮቱን ከተሰቀለበት አውርዶ ለበሰ፤ የእትዬ ኡርጂን ክንድ ደገፍ አድርጎ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ሽብሬ ባጃጅ አስቆመችላቸው። መጀመሪያ ወደ ለቅሶው ቤት ሄዱ፤ ሞሲሳ ቄስ ጎንፋን ገና አላለቀሳቸውም ነበር።